ለአባት እጅ መንሳት

ጠዋት ከሴኡል የተደወለላትን ስልክ ከዘጋች በኋላ ሴትየዋ ቤቷ መግባት አልቻለችም። ልጇን ኤልዳናን ከትምህርት ቤት ወሰደቻትና ወደዚህች ባለ ሁለት ክፍል የኮሪያ ባህል ሙዚየም አመጣቻት። አንድ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች።

ኤልዳና ግን ከዕቃ ወደ ዕቃ ትሮጣለች።

"እማዬ፣ የአባዬ አገርም ጋን አለ እንዴ?"

"አለ።"

"ጎመን የሚያኮመጥጡበት ነው" አለች አስጎብኚዋ፣ ለልጅቷ ሐምራዊ የኮሪያ ቀሚስ እያለበሰቻት። "አባትሽ ኮሪያዊ ነው?"

"አዎ፣ መንገድ ይሠራል። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል።"

"እንግዲያው ሲመጣ እንደ አገሩ እጅ ትነሺዋለሽ። እዪኝ።" አስጎብኚዋ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን እጆቿ ላይ አሳረፈች።

"ስንት ጊዜ ነው?"

"ለአባት አንዴ ብቻ ነው፣ የኔ ቆንጆ። ሁለቴ እጅ የሚነሳው ለሞተ ሰው ነው።"

ሴትየዋ ከወንበሯ ተነሳች። ከቦርሳዋ የባሏን ጉርድ ፎቶ አወጣችና ጋኑን አስደግፋ አቆመችው።

"በይ፣ ለአባትሽ አሳዪው።"

ኤልዳና ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ግንባሯን ዝቅ አደረገች፤ ከዚያ እየሳቀች ብድግ አለች።

"ልክ ነኝ፣ እማዬ?"

"ልክ ነሽ፣ የኔ እናት" አለቻት። "አሁን ድገሚው።"