ባለ ቀይ መቀነቷ

ከሊል ቁም ሣጥን የሚያህለውን የጌም ቤት የድብድብ ማሽን ከመዳፍ እምብዛም በማትበልጥ መጫወቻ ውስጥ ለመክተት ሲታገል ክረምቱ አለቀ። ስድስቱን ቁልፍ አራት አደረገ፣ ሥዕሉን አሳነሰ፤ ዓይኑ ደም ለበሰ። በመጨረሻ ካራንቲና ሰፈር ካለው ወርክሾፕ እርስ በርስ የሚገናኙ ሁለት የሙከራ መጫወቻ ይዞ ባዳሮ ሰፈር እናቱ ቤት መጣና አንዱን ለሠራተኛዋ ለእሙሽ ሰጣት።

«ጌም የማያውቅ እጅ ነው የምፈልገው» አላት።

«የኔ እጅ የሚያውቀው መወልወያ ብቻ ነው፤ ሞልቶልሃል!»

እናቱ ማዳም አሲያ ሳቀች። «ያላ እሙሽ፣ ጌሙ ውስጥ ያለችውን ተደባዳቢ፣ ባለ ቀይ መቀነቷን ካሸነፍሽ ፓስፖርትሽን ከካዝናው አውጥቼ እሰጥሻለሁ። ሂጂና ልጅሽን ዳሪ።»

የእሙሽ ልጅ እስከዳር የፋሲካ ማግስት ሙሽራ ናት። እሙሽ የሰውን ልጅ በእጇ፣ የራሷን ደግሞ ከዓረብ አገር ሆና በስልክ ነው ያሳደገችው።

ከምሳ በኋላ ዕቃው ይታጠባል። ማዳም ጋደም ልትል ክፍሏን ትዘጋለች። እሙሽ ኩሽና ቁጭ ብላ ትፋለማለች። ባለ ቀይ መቀነቷ ትጥላታለች። ስትነሳ ደግማ ትጥላታለች።

የጎረቤት ሠራተኛ ቦሰና ከበረንዳው ማዶ ሰምታ ሳቀችባት።

«አንቺ ሞኝ! የሠራት እኮ ልጁ ነው። እናቱ ያላንቺ ሻይ እንኳ ማፍላት አትችል። አንቺ ስትተኚ ልጁ ለባለ ቀይ መቀነቷ ጉልበት ይጨምርላታል!»

ነገሩ ከሆዷ ገባ። በማግስቱ ከሊልን በር ላይ ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩ ሴት ነኝ። ነካክተሃታል?»

«በእናቴ እምላለሁ፣ ያኒ፣ ማሽኑን አልነካሁም» አለ። ዓይኑን ግን ከጫማው አላነሳም።

እሙሽ አንዴ ብቻ ልታሸንፍ ደርሳ ነበር። ማዳም በክፍሏ ከእህቷ ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች፤ ባለ ቀይ መቀነቷ ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች። እሙሽ በቡጢ አጣደፈቻት። ጭቅጭቁ ሲበርድ ግን ያቺ ነቃች፣ እሙሽም ተዘረረች።

«ማሽኑ ደርቆ፣ ሀንግ አድርጎ ነው» አለ ከሊል ስትነግረው።

ማምሻውን እንደ ልማዷ የማዳምን እጅ በወይራ ዘይት አሸች።

«አውራ ጣቴን፣ ሀቢብቲ፣ አውራ ጣቴን ጠበቅ አድርጊው። እርጅና!»

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ዛሬ ካላሸነፈች ለሰርጉ አትደርስም። እሙሽ ቁልፉን ስትደበድብ ጣቷ አበጠ፣ ጀርባዋ ደነዘዘ። አንድ ምት ሲቀራት ወደቀች።

ማዳም ከክፍሏ ወጥታ ግንባሯን ሳመቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ማዓሌሽ፣ አይዞሽ እሙሽ። ኸላስ፣ በቃ፣ ለከርሞ ይሆናል።»

ብላ ሻወር ገባች።

እሙሽ አላለቀሰችም፤ ለልቅሶም ጉልበት ያስፈልጋል። መጫወቻውን አስቀምጣ፣ ንጹሕ አንሶላ ይዛ ወደ ማዳም ክፍል ገባች። ትራሱን አነሳች።

ሁለተኛው መጫወቻ ገና አልቀዘቀዘም፤ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀይ መቀነቷ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ቆማለች።