የቸኮለ ሰው ሐጃ

«ተቀመጥ፣ ኡበይዶ። ዱዓ ተከፍቶ አይወጣም» ትላለች እናቴ፣ የቦርሳዬን ማንገቻ ይዛ ወደ ታች እየሳበችኝ።

እቀመጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ዙሪያውን ተቀምጦ መዳፉን ዘርግቷል። ባድሩ ሚኒባሱን ደጃፋችን ላይ አቁሞ ክላክስ ያደርጋል። ወደ ደሴ የሚሄደው የዛሬ የመጨረሻው መኪና እሱ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ አለብኝ። እዚህ ሐይቅ ከተማ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል፤ ዋይፋይ የማገኘው ደሴ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ትላንት ደውሎ፣ «ችግርህ ይገባኛል፤ ነገም ከቀረህ ግን ሶፍትዌሩን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አለኝ። እናቴ ይህን ሰማችና ሸህ ጁማን ጠራች። ሥራዬ እንዳይሄድ ዱዓ እየተደረገልኝ፣ በዱዓው ምክንያት ሥራዬ ሊሄድ ነው።

ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ያወረድኩትን ስለ ሥራና ስለ ሕይወት የሚያወራ መጽሐፍ ሰሞኑን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጊዜህን ለሚሻማህ ሰው ሁሉ በትሕትና እምቢ በል ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ከልቤ ተስማምቼ አስምሬበታለሁ። ጸሐፊው ግን እናቴን አያውቃትም።

ሸህ ጁማ የእያንዳንዱን ሐጃ፣ የልቡን ጉዳይ፣ እየጠየቁ ይዞራሉ። ሱረያ ላሟ እንድትድንላት ትለምናለች። ስለ ላሟ ጠባይም ጨምራ ትነግረናለች። በመጨረሻ እኔ ዘንድ ይደርሳሉ።

«ያንተስ ሐጃ፣ ልጄ?»

«የኔ ሐጃ አሁን ተነስቼ መሄድ ነው፣ ሸሁ።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እናቴ በክርኗ ጎኔን ትነካኛለች።

«አብሽር» ይላሉ ሸህ ጁማ፣ ሳይስቁ። «እሱንም እንለምናለን።» ይለምናሉም፦ ለመንገዱ፣ ለፍሬኑ፣ ለጎማው፣ ኬላ ላይ ለሚቆሙት ልጆች ልብ፣ ለባድሩ ዓይን። ቶሎ እንድሄድ የሚለመነው ልመና ከሁሉም ረዘመ። አሚን እላለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ አሚን እላለሁ።

«በል ሂድ» ይሉኛል ጨርሰው።

ብድግ ስል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት እትዬ የሺሀረግ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ በየዓመቱ ግሸን ይሳለማሉ፣ የኛም ቤት ዱዓ አያመልጣቸውም።

«የኔም አለ» ይላሉ። «ልጄ እንየው ከዘመተ ወዲህ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ግን ድምፁን አልሰማሁም። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። እሱ እንኳ ባይሆን፣ ማንም ይሁን፣ አንስቶ ሀሎ ይበለኝ።»

እንደ ቆምኩ እቀራለሁ። ሰው ሐጃውን እየነገረ ጥሎ መውጣት፣ እኛ ዘንድ፣ አሚንን መንፈግ ነው። ስልኬን አያለሁ፤ ስምንት ሰዓት አልፏል። የሚያናድደኝ ተራው ነው። የዱዓውን ተራ የማወጣው እኔ ብሆን የሳቸውን ከሁሉ አስቀድም ነበር፤ ላሟም፣ ጎማውም፣ የኔ ስብሰባም ከኋላ ይሰለፉ ነበር። እሳቸው ግን የሁላችንም እስኪያልቅ አሚን እያሉ ጠበቁ።

ቦርሳዬን ሳላወርድ እንበረከካለሁ።

በሩ በኃይል ይከፈታል። «ኡበይድ፣ ምን ሆነሃል? ተሳፋሪው እኔን እየሰደበኝ…» ይላል ባድሩ። እትዬ የሺሀረግን ያያል። የተዘረጋ እጃቸውንም ያያል።

ሸህ ጁማ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ ቀስ ብለው፣ የእንየውን ስም ከነአባቱ እየጠሩ።

ባድሩ ጫማውን ያወልቅና ደፉ ላይ ይቆማል። ሁለት እጁን ይዘረጋል። የመኪናው ቁልፍ መዳፉ ላይ ነው።