የምንይችል ገብስ

የትነበርሽ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው። መወርወሪያውን ሸጎረች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

ፀሐይ ገና አልወጣችም። በዚያ አጥንት በሚሰብር የኮሶዬ ብርድ የመንደሩ ወንዶች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ሽቅብ ወደ እሷ ቤት ይመጣሉ። ከፊት አያ በላቸው ናቸው። በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? መርዶ ነው።

ለሌላ ጉዳይ ይሆናል ልትል ሞከረች። ግን ከወንዶቹ ኋላ ሴቶቹንም አይታለች። እጅጋየሁ መሶብ ተሸክማለች፤ ሌሎቹ እንስራ አዝለዋል። ጎረቤት አብስሎና ጠምቆ የሚመጣው ለቅሶ ቤት ነው።

ባሏ ምንይችል ገብሱን ዘርቶ፣ ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወረደ። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ነበር። መስቀል አለፈ፤ ይኸው ኅዳር ገባ። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከወረዱት ገሚሱ ተመለሰ፤ እሱ የለም፤ ስልኩም አይጠራም። ገብሱ ደርሶ፣ አልፎበት፣ መርገፍ ጀምሯል። ጎረቤቶቿ እንጨድልሽ ባሏት ቁጥር "የዘራው ያጭደዋል" እያለች ትመልሳቸዋለች። ገብሱ እስከቆመ ድረስ እሱም የሚመጣ ይመስላታል። ናፍቆት እንዲህ ያደርጋል።

በሩ ተንኳኳ።

"የትነበርሽ፣ ክፈችልን እንጂ።"

ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ አልሞተም፣ አለች በሆዷ።

"ምነው አንቺ ልጅ? ብርድ ፈጀን እኮ" አሉ አያ በላቸው።

"ይመለሱ አያ።" በሩን በጀርባዋ ደገፈች። "ሌላ ቀን ይነግሩኛል። ዛሬን ይለፉኝ።"

ውጭ ካሉት ቀድሞ ነገሩ የገባት እጅጋየሁ ናት።

"በሞትኩት! አያ፣ መርዶ መስሏታል።"

"ኧረ ወሬ የለም! ክፉም ደግም አልሰማንም" አሉ አያ በላቸው ተጣድፈው። "ለማጨድ ነው የመጣን። ቀድመን ብንነግርሽ እንደ ወትሮው ትመልሽናለሽ ብለን..." ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ ምላሳቸው እዚህ ላይ ተሳሰረ።

"ምግቡስ?" አለች የትነበርሽ።

"ምን ልታበይን ኖሯል?" አለች እጅጋየሁ። "ከቤትሽ ምን እንዳለ አናውቅም?"

መወርወሪያውን ስባ ከፈተች። ወንዶቹ ከየጋቢያቸው ስር ማጭዳቸውን ይዘው አፍረው ቆመዋል። ሳቁም ለቅሶውም እኩል መጣባት። እጅጋየሁ አቅፋት አብራ አለቀሰች፤ የእሷም ወንድም ከምንይችል ጋር ነው የወረደ።

"ነፋስ ከመታው ባዶ አገዳ ነው የሚቀርሽ" አሉ አያ በላቸው ቀስ ብለው። "ሲመጣስ ምን ሊበላ ነው?"

ሲመጣ አሉ። ቢመጣ አላሉም። የትነበርሽ ገባችና የምንይችልን ማጭድ ከግድግዳው አውርዳ ወጣች።

ማሳው ከሚጀምርበት ከአስፋልቱ ዳር ተደርድረው ሽቅብ ወደ ቤቱ ማጨድ ጀመሩ። በየዓመቱ ከአያ በላቸው ቀጥሎ የሚቆመው ምንይችል ነበር። የትነበርሽ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

"ጠጋ በይ እንጂ፣ መሐሉን ተውሽው" አለ ከወዲያ አንዱ።

"የሱ ቦታ ነው" አለች።

አያ በላቸው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አጨዱ። ማንም አልተጠጋም።

ረፋዱ ላይ ማሳው ታጭዶ አለቀ። ከአስፋልቱ ተነስቶ እስከ ደጇ ድረስ፣ አንድ ሰው የሚያጭደው ያህል ገብስ ብቻውን ቆሞ ይወዛወዛል።