ንጹሁ ተወዳዳሪ

ሰውነት ገንቢው ስምንት ዓመት ተወዳድሮ ስምንቱንም ጊዜ መጨረሻ ወጥቷል። ስቴሮይድ ተወግቶ እንደማያውቅ አገር ያወቀው ነው። ዘንድሮም መጨረሻ ወጥቶ ከመድረክ ሲወርድ የፌዴሬሽኑ ሊቀመንበር ጋሽ ደርበው ወደ አበረታች መድኃኒት ምርመራው ክፍል ይዘውት ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የሌሎቹ ስድስት ተወዳዳሪዎች ስም የተጻፈባቸው ብልቃጦች ተደርድረዋል።

«በል የኔ ልጅ፣ ሁሉንም ሙላልን» አሉት።

«በእኔ ሽንት?»

«ታዲያ ከማን ንጹህ ሽንት እናግኝ?»

«እኔስ አልመረመርም?»

«አንተን ማን ይጠረጥራል!» ብለው ሳቁ።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ውሃ አስመጥቶ ጠጣና ጠብታ ሳያፈስ ስድስቱንም እስከ አፋቸው ሞላቸው።

«ተባረክ!» አሉት ጋሽ ደርበው፣ ክዳኖቹን እያጠበቁ።

ሽንፈት አንገሽግሾት ከፋሲካ ወዲህ እሱም መርፌውን መወጋት መጀመሩን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም ነበር።