የቆጡ ስም

ያኔ ቤት የሚቆመው በስም ነበር። ዓመት ሙሉ በስሙ ያልተጠራ የቤት ክፍል ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ስሙ የሚቆጠረውም አንዱ ሲጠራው ሌላው ከመለሰለት ነው፤ ተረትና ምሳሌ አይቆጠርም።

የትብለጥ ባል ወንዳፍራሽ ከተኳረፉ ወዲህ የሚያድረው ጣሪያው ሥር ባለው የእንጨት ቆጥ ላይ ነው። በደጉ ጊዜ «እላይ» ይሉት ነበር እንጂ ቆጥ የሚለውን የሚያነሱት «የቆጡን አወርድ ብላ» እየተባባሉ ሲተራረቡ ብቻ ነበር። ቆጡ ከተሠራ ዓመቱ ዛሬ ፀሐይ ስትገባ ይሞላል።

ወንዳፍራሽ ከላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ትብለጥ፣ ቆጡ ላይ ብርድ ልብስ አንሶኛል።»

ትብለጥ ምስሯን ትለቅማለች።

«ቆጡ ይበርዳል እኮ ነው የምልሽ።»

አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

«ስድብም ይሁን፣ ብቻ መልሽልኝ።»

«እህ» ብትል ይበቃው ነበር። ከንፈሯን ነከሰች።

ፀሐይ ስትገባ ቆጡ እንደ መሳቢያ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ገባ። ወንዳፍራሽ ብርድ ልብሱን ታቅፎ ወርዶ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው።

«ሆን ብለሽ ነው ዝም ያልሽኝ።»

«አዎ» አለች ትብለጥ። «በግድግዳው በኩል ያለው ያንተ ነው። ከወጣህ ወዲህ አልተኛሁበትም።»