የቀረው አንድ ሰው

ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ይከተባሉ። በዓለም ላይ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ በአንዲት መርፌ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ለልጁ ማታ ማታ የሚያነብ ወላጅ የለም። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ልጄ ኤልዳና ከተከተበች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ዛሬም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነብላታለሁ።

ድሮ «ብቻህን እንዳትቀጥል» እያለች መጽሐፉን ትራሷ ሥር ትደብቅብኝ ነበር። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች።

«አባዬ፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ እኮ» አለችኝ ትናንት ማታ።

«እኔ አላውቀውም። ዝም ብለሽ ስሚ።»

የታክሲ ረዳት ነኝ፤ ስጮህ ነው የምውለው። ታክሲው ራሱን በራሱ ይነዳል፤ ሰዉን ጠጋ ጠጋ የሚያስብል ማሽን ግን እስካሁን አልተሠራም። ደክሞኝ ስለነበር እያነበብኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

«ንግሥቲቱም ዙፋኗ ላይ ተቀምጣ ሕዝቧን አየች፤ ከዚያም... ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!»

በገዛ ጩኸቴ ባንኜ ነቃሁ። ኤልዳና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አፍጥጣ ታየኛለች።

«ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም» አለች ቀስ ብላ።

«ይቅርታ ልጄ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ከላይ ልጀምርልሽ...»

«ተው፣ እንዳትመለስ!»

ወደ ግድግዳው ተጠግታ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ይኸው፣ ጠጋ ብያለሁ። በል ንገረኝ፤ የቀረው ሰው ማነው?»