ያልተከፈተው እሽግ

ባሌ ሊዮኔል ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይከፍት ያቆየውን አንድ እሽግ የሆኪ ተጫዋቾች ፎቶ ካርድ ትቶልኝ ሞተ። ሪሙስኪ ከተማ ላለው የድሮ ካርዶች ዋጋ ገማች ለሬጃን አሳየሁት። እሽጉን ጆሮው ሥር ነቀነቀ፤ ደግሞ ነቀነቀ።

«ማዳም ቴሪዮ፣ ከካርዶቹ ጋር የታሸገ ማስቲካ በሃምሳ ዓመት ደርቆ ይንኳኳል። ይሄ ድምፅ የለውም። ባልዎ ከፍተው መልሰው አሽገውታል።»

«ሊዮኔል አያጭበረብርም።»

«ካርድ ሰብሳቢ ሁሉ ሚስቱ ፊት ጻድቅ ነው!» ብሎ ሳቀ።

«ይክፈቱት» አልኩ።

በማጉያ መነጽር እያየ የወረቀቱን እጥፋት ቀስ ብሎ አላቀቀ። ሳቁ ጠፋ። «ይቅርታ፣ ማዳም። ከፋብሪካ ከወጣ ማንም አልነካውም።»

ካርዶቹ ጠርዛቸው ሳይጎዳ ወጡ። ከሥራቸው የነበረው ማስቲካ ግን ታኝኳል። ስነካው ገና ርጥብ ነበር፤ ይሞቃልም።